ሉጫ ፀጉር ለምን ቅርጽ አይዝም? የምሥራቅ እስያ ሴቶች ፀጉር አሠራር በቤት ውስጥ

[ምስል፦ ሴኡል፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በር፣ ተሰብስበው የሚጠብቁ ጋዜጠኞች]

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2017 ነው። የደቡብ ኮሪያ ሕዝብ ዓይኑን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተክሏል። በፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ ጉዳይ ውሳኔ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ችሎቱን የሚመሩት ዳኛ ሊ ጁንግ ሚ ከመኪናቸው ወርደው ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ካሜራዎቹ ከጭንቅላታቸው ኋላ ሁለት ሮዝ ቢጎዲኖች አዩ። በጥድፊያው ማውለቁ ተረስቷል። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንቷ ከሥልጣን ተሰናበቱ። የቢጎዲኖቹ ምስል ደግሞ ሥራ የበዛባት ሴት ምልክት ሆኖ አገሩን ሁሉ አዳረሰ።

ኮሪያውያን ሴቶች ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል። ቢጎዲን ጠቅልሎ ከቤት መውጣት እዚያ አዲስ አይደለም። ግንባሯ ላይ አንድ ትልቅ ቢጎዲን አድርጋ ባቡር ውስጥ የተቀመጠች ወጣት ማየት የተለመደ ነው። ለምን ቤት ጨርሳ አትወጣም? ምክንያቱ ፀጉሩ ራሱ ውስጥ ነው ያለው።

[ምስል፦ አንዲት ዘለላ ፀጉር በማይክሮስኮፕ]

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እስያ ሰፊ ናት። የኬረላዋ፣ የቴህራኗና የቶኪዮዋ ሴት ፀጉር አንድ አይደለም። ዛሬ የምናወራው በኮሪያ፣ በጃፓንና በቻይና ስለሚበዛው ሉጫ ፀጉር ነው።

ይህ ፀጉር ወፍራም ነው። የአንዷ ዘለላ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.08 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ይደርሳል። ቆርጣችሁ ከጫፉ ብታዩት ክብ ነው፤ የእኛ ከርዳዳ ፀጉር ግን ጠፍጠፍ ያለ ነው። ከላይ የሚሸፍኑት ስስ ቅርፊቶችም ብዙ ድርብ አላቸው። ለውፍረቱ ትልቅ ድርሻ ያለው ኢዳር በሚባል ዘረ መል ላይ ያለ አንድ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ይህንኑ ለውጥ አይጦች ላይ አስገብቶ ሲያይ፣ የአይጦቹም ፀጉር ወፍሯል።

ወፍራምና ክብ ፀጉር ግትር ነው። ስታጥፉት ይመለሳል። ክብደቱ ወደ ታች ይጎትተዋል። ከጎን ያለው ደግሞ ከራስ ቅል ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ውጪ ይበቅላል፤ ስለዚህ ጆሮ አካባቢ ይቆማል፣ አናት ላይ ግን ይተኛል። ብዙ የእስያ ሴቶች የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። ጎኑ ያበጠ፣ አናቱ የተለጠፈ ፀጉር ፊትን ሰፊ ያስመስላል።

[ምስል፦ ቀላል ሥዕል፤ የፀጉር ውስጠኛ ማሰሪያዎች ሲፈቱና ሲታሰሩ]

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑን ክሮች የሚያያይዙ ሁለት ዓይነት ማሰሪያዎች አሉ። ጠንካሮቹን የፐርም ኬሚካል ካልሆነ በቀር ተራ ነገር አይፈታቸውም። ደካሞቹን ግን ውሃና ሙቀት ይፈቷቸዋል። ፀጉሩ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ መልሰው ይታሰራሉ። የሚታሰሩትም ፀጉሩ በዚያ ሰዓት በያዘው ቅርጽ ነው።

ልብ በሉ። ሙቀቱ ይፈታል እንጂ አያስርም። የሚያስረው ቅዝቃዜው ነው።

ሸሚዝ ተኩሳችሁ ገና ትኩስ ሳለ ብትለብሱት ወዲያው ይጨማደዳል አይደል? ይህም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው ፀጉሩ አልጠቀለል ሲለው ሙቀት ይጨምራል። 180 ዲግሪ አልበቃ ሲል 200፣ 200 አልበቃ ሲል 230። ፀጉሩ ይቃጠላል፣ ጥቅልሉ ግን አሁንም ይፈታል። የጎደለው ሙቀት አልነበረም። እስኪቀዘቅዝ አልተጠበቀም።

[ምስል፦ መታጠቢያ ቤት፣ ፎጣ፣ ፎን]

እንግዲህ እንሥራው። ሻምፖው የራስ ቅል ላይ፣ ኮንዲሽነሩ ከጆሮ በታች ብቻ። ኮንዲሽነር ሥሩ ላይ ከነካ አናቱ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርጉ አይነሣም። በፎጣ አትሹት። ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ ውሃውን ብቻ አውጡ።

ፎኑን ስታበሩ ከሥሩ ጀምሩ። ጫፉ ይቆይ። ፀጉሩን በጣታችሁ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየገለበጣችሁ ሥሩን አድርቁ። እንዲህ ሲሆን በልማድ የተከፈለበት መስመር ይጠፋና አናቱ ቀና ይላል። ጎኑን ግን በተቃራኒው ነው የምትሠሩት። መዳፋችሁን ጫን አድርጋችሁ፣ ነፋሱን ከላይ ወደ ታች ልቀቁበት። የላይኛው ቅርፊት ስለሚተኛ ፀጉሩ ያበራል። መጨረሻ ላይ የፎኑን ቀዝቃዛ ነፋስ ተጫኑ። ብዙ ሰው ይህችን ቁልፍ ነክቷት አያውቅም፤ ከፎኑ ሁሉ የምትጠቅመው ግን እሷ ናት።

[ምስል፦ መጠቅለያ ካውያ፣ ክሊፖች]

ለረጅም ፀጉር ሰፊ ጥቅልል ከፈለጋችሁ መጠቅለያ ካውያ ያዙ። ከምትፈልጉት ቅርጽ ትንሽ ጠበብ ያለ ምረጡ፤ ሲውል መላላቱ አይቀርም። ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ይበቃል። ፀጉሩ ግን ፍጹም ደረቅ ይሁን። እርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራ ወይም ካውያ ሲያርፍ፣ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፀጉሩን ውስጥ ለውስጥ አረፋ ያስመስለዋል። እንዲህ የሆነ ፀጉር ይሰበራል፤ በቅባት አይድንም።

ትንሽ ትንሽ እየወሰዳችሁ ጠቅልሉ። ስትለቁት ወደ ታች አትጣሉት። ጥቅልሉን በመዳፋችሁ ተቀብላችሁ እንደተጠቀለለ በክሊፕ ያዙት። ሁሉም እስኪያልቅ እንደዚያው ይቆይ። ሜካፓችሁን ተቀቡ፣ ቁርስ ብሉ። በእጃችሁ ነክታችሁ ቅዝቅዝ ሲል ብቻ ፍቱት። ማበጠሪያ አታስነኩት፤ ጣታችሁ ይበቃል። ፎም የምትጠቀሙ ከሆነ ከፎኑ በፊት፣ እርጥቡ ላይ ነው የሚቀባው።

ካውያ የሌላት ደግሞ ማታ ትንሽ ርጥበት ያለውን ፀጉር ላላ አድርጋ ሁለት ቦታ ጎንጉና ትተኛ። ሌሊቱን እዚያው ይደርቃል። ሞገዱ ለስላሳ ነው፣ ፀጉሩም አይጎዳም። እኔ ከካውያው ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ።

[ምስል፦ ግንባር ላይ የሚወርድ ፀጉር፣ አንድ ትልቅ ቢጎዲን]

ግንባር ላይ የሚወርደው አጭር ፀጉር የኮሪያ ሴቶች ብዙ የሚጨነቁበት ቦታ ነው። ሳሳ ብሎ ግንባሩ በመሃል የሚታይበት አቆራረጥ በጣም ይወደዳል። ግን የግንባር ላብና ወዝ በቀላሉ ያስተኛዋል። ቢጎዲኑ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ፀጉሩ ላይ በራሱ የሚጣበቀውን ሻካራ፣ ሰፊውን ቢጎዲን ያዙ። ፀጉሩን ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ፣ ከጫፉ ወደ ሥሩ ጠቅልሉ። ፎን ትንሽ አሙቁበት፣ ከዚያ ተዉት። ባቡር ላይ ያየናት ወጣት እያደረገች ያለችው ይህንን ነው። መንገዱን ማቀዝቀዣ አድርጋዋለች።

ራሳችሁ የምትቆርጡት ከሆነ በደረቁ ቁረጡት። እርጥብ ፀጉር ይሳባል፤ ሲደርቅ ከገመታችሁት በላይ አጥሮ ታገኙታላችሁ። መቀሱንም አታጋድሙት። ቀጥ አድርጋችሁ ጫፉን ትንሽ ትንሽ ንኩት። ሉጫ ፀጉር ላይ አግድም የተቆረጠ መስመር ከሩቅ ይለያል።

ፐርምና የኬሚካል ማቃኛ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። እነዚያ የሚፈቱት ጠንካሮቹን ማሰሪያዎች ነው። ደቂቃው ካለፈ ፀጉሩም የራስ ቅሉም ይጎዳል። ለእሱ ፀጉር ቤት ሂዱ።

[ምስል፦ የካሜሊያ አበባ፣ የእንጨት ማበጠሪያ]

ስለ ቅባት ትንሽ። ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ የካሜሊያ ፍሬ ዘይት ይቀባሉ። የኢዙ ኦሺማና የጎቶ ደሴቶች በዚህ ዘይት ይታወቃሉ። ቀላል ነው፣ ፀጉሩን አያስተኛም። አንድ ሁለት ጠብታ መዳፍ ላይ አሽታችሁ ጫፉን ብቻ ንኩ። እኛ የለመድነውን ያህል ቅባት ይህ ፀጉር አይችልም። ሉጫ ስለሆነ የራስ ቅሉ ወዝ ራሱ በቀላሉ እስከ ታች ይወርዳል።

[ምስል፦ የሂውማን ሄር መሸጫ ሱቅ፣ አዲስ አበባ]

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል የምትሉ ትኖራላችሁ። ሂውማን ሄር የምታደርጉ እህቶች፣ ራሳችሁ ላይ ያለው በአብዛኛው የእስያ ፀጉር ነው። በሕንድ ቲሩፓቲ ምእመናን ለስእለት ፀጉራቸውን ይላጫሉ፤ ቤተ መቅደሱም በጨረታ ይሸጠዋል። የቻይናዋ ሹቻንግ ከተማ ደግሞ በዊግ ሥራ ትታወቃለች።

ስለዚህ ጥቅልሉን እስኪቀዘቅዝ ማቆየት ሂውማን ሄር ላይም ይሠራል። ልዩነቱ ይህ ፀጉር በፋብሪካ ብዙ ኬሚካል ያለፈበት መሆኑና ከራስ ቅል ወዝ የማያገኝ መሆኑ ነው። ሙቀቱን ወደ 150 ዝቅ አድርጉት። ኮንዲሽነር አትሰስቱበት። ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ላይ እያፍታታችሁ አበጥሩት፤ ከላይ ከጀመራችሁ ስፌቱን ይነቅለዋል። ከታጠበ በኋላም ሰቅላችሁ በነፋስ አድርቁት፣ ፎኑን ለመጨረሻዋ ርጥበት ብቻ አስቀሩ።