ጨርቁን በእሳት ጠይቁት

እንደምን ዋላችሁ ልጆች፣ እናቶች፣ አባቶች። ሰላሳ ምናምን ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ሲንጀር ሲረግጥ የኖረ ሰው ማይክ ሲሰጡት እንዴት እንደሚሆን እያያችሁ ነው፣ እግሬ ራሱ ፔዳል እየፈለገ ነው። ዛሬ ስፌት ተምራችሁ ስለጨረሳችሁ ምክር ስጥ ተባልኩ፣ እኔ ግን የማውቀው ጨርቅ ብቻ ነው።

መንዝ ነው ያደግሁት። እዛ ልብስ ማለት በግ ነበር፣ ሴቶቹ ጸጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ባናው ዝተቱ በርኖሱ ከዛ ነው የሚወጣው። በርኖስ ይኮሰኩሳል፣ ሲረጥብ ደግሞ በግ በግ ይሸታል፣ ግን ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ ጠጥቶም ቶሎ ረጠብኩ አይልም፣ ለዛ ነው እረኛ በካፊያ ሲውል የማይንቀጠቀጠው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፣ እናቴ ማታ ማታ በኩራዝ እንዝርት ታሾራለች፣ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል እስኪጠራቀም ስንት ማታ እንደሄደ እሷ ናት የምታውቀው፣ ጋቢ አራት ድርብ ነዋ!

ከዛ ቴትሮን ገባ፣ ናይለን ገባ። ቴትሮኑን እንግዲህ እንግሊዞች እ.ኤ.አ በ1941 ያወጡት ፖሊስተር በሉት፣ ከነዳጅ ዘይት ነው የሚሰራው፣ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክና የለበሳችሁት ሸሚዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ናይለን ትንሽ ይቀድመዋል፣ 1935 አሜሪካ ነው። እናቴ የአባቴን ቴትሮን ሸሚዝ አጥባ አስጥታ ወጥ አማስላ ስትወጣ ደርቆ አገኘችው፣ «ይሄማ ተአምር ነው» አለች። እና የድሮ ልብስ ብቻ ነው ልብስ የሚል ሰው ስሰማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጋቢ ወንዝ ወርዶ አጥቦ በጀርባው የተሸከመ አይመስለኝም።

ግን ታናሽ ወንድሜ የናይለን ሸሚዙን ለብሶ ምድጃ ስር እሳት ሲሞቅ እጅጌው ተያያዘ። ሱፍ ቢሆን ከእሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋ ነበር። ናይለኑ ቀለጠና ክንዱ ላይ ተጣበቀ፣ ጠባሳው ዛሬም አለ። እኔ ጨርቅ መጠየቅ የጀመርኩት ከዛ ቀን ነው፣ እንደኛ ባለ ብርድ አገር ልጅ እሳት ዳር ነው የሚያድገው።

አሁን ገበያው ላይ ጥበቡ እንደ ሸማ የታተመበት ፖሊስተር የሀበሻ ቀሚስ ተብሎ ይሸጣል። ይሸጥ፣ ርካሽ ነው፣ ለበዓል ያምራል፣ ግን «ጥጥ ነው» ተብሎ አይሸጥ። ደንበኛዋ እንጀራ ስትጋግር ልትለብሰው ትችላላ። እናንተም ንገሯት፣ ብትቆጣም ንገሯት። ዩኒፎርም ከሆነ የጥጥና የፖሊስተር ድብልቁ ጥሩ ነው፣ አይጨማደድም፣ አይሳሳም፣ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳው የብርድ ጨርቅም ፖሊስተር ነው እኮ፣ ለክረምት እኔም አለኝ። የውስጥ ልብስና የህጻን ልብስ ላይ ግን ጥጥ፣ ላብ ይጠጣል፣ ፖሊስተር ላቡን ቆዳ ላይ ይተወዋል። ጥጥ ደግሞ ሳትቆርጡ እጠቡት፣ አለዚያ ቀሚሱ በመጀመሪያው እጥበት ያጥርና ጠቡ ከእናንተ ጋር ይሆናል፣ እኔ ሁለት ቀሚስ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

እንዴት ትለያላችሁ? ከውስጥ ስፌቱ ላይ ክር ምዘዙ (ከፊት አይደለም፣ አደራ!) እና ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ሲነኩት ይበናል። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ፖሊስተር ከእሳቱ እየሸሸ ይኮማተራል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ቪስኮስ ያታልላችኋል፣ ከእንጨት ስለሚሰራ እንደ ጥጥ ነው የሚነደው፣ እሱን በውሃ አርጥባችሁ ጎትቱት፣ ሲረጥብ ይደክማል።

በሉ ወሬ በዛ፣ ግቢው ውስጥ ባልዲ ውሃና ክብሪት አዘጋጅቻለሁ፣ ከሱቄ ያመጣሁት ቁርጥራጭም በከረጢት አለ። ነጠላችሁን እዚሁ ወንበር ላይ አስቀምጡና ሦስት ሦስት እየሆናችሁ ውጡ።