አንድ ቃል፣ ስንት ጭነት

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን ያህል ቀን፣ ልጆቻችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ፣ የአስቤዛ ግዢውን ለነገ አሳድራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ አስተርጓሚ ሥነ ምግባር ጠዋት ብዙ ሰምታችኋል። እኔ አልደግመውም። የመጣሁት ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላወራ ነው። አንድ ብቻ። ከቁርስ ወዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ራሱ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። "ቻርጀር የያዘ ሰው አለ?" ስትሉ ነበር። የኔን የወሰደው ሰው ራሱን ያውቃል።

ቻርጅ። ከዚህ ቃል ጋር የተጣላሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሹ ወጣት ነው፤ ከአገር ቤት ከመጣ ዓመት አልሞላውም። በቤት ኪራይ የተነሳ አብሮት ከሚኖር ልጅ ጋር ቡጢ ተሰናዝረዋል ተብሎ ነው የቀረበው። ዳኛዋ ክሱን አነበቡ፦ "ቻርጅድ ዊዝ አሶልት ኤንድ ባተሪ።" አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ቻርጅን ያውቃል። ባትሪንም ያውቃል። "ጋሼ፣ በእናቴ፣ እኔ የማንንም ባትሪ አልነካሁም!" አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። በቨርጂኒያ ሕግ ይህ ክስ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያመጣ ይችላል። ልጁ ደግሞ ራሱን ከባትሪ ሌብነት ሊያጸዳ ነው የተነሳው። እንደተማርነው ለዳኛዋ "አስተርጓሚው ለማብራራት ፈቃድ ይጠይቃል" አልኩና፣ ተፈቅዶልኝ "የእጅ እልፊት" ማለት መሆኑን ነገርኩት። የአማርኛ ሕጋችን ቃል ነው፤ ሰው ላይ እጅ ማንሳት ማለት ነው። ሰምቶት ያውቃል መሰለኝ፣ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ።

ማታ ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ያን ሌሊት የተኛሁት ዘግይቼ ነው።

የቻርጅ ሥር ጋሪ ነው። ሮማውያን ባለ መንኮራኩሩን ማጓጓዣ "ካሩስ" ይሉት ነበር። ከሱ "ጋሪ ላይ ጫነ" የሚል ግሥ ወጣ። ግሡ በፈረንሳይኛ አድርጎ እንግሊዝኛ ሲደርስ ቻርጅ ሆነ። ካርጎ የምንለውም፣ እንግሊዞች መኪናን ካር የሚሉትም ከዚያው ቤት ነው። ስለዚህ ቻርጅ ማለት ሲጀመር "ጫነ" ማለት ነው። ያን ማታ በሩን የከፈተልኝ ይኼ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ማን በማን ላይ ምን ጫነ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

መድፍና ጠመንጃ ላይ ባሩድ ሲጫን ቻርጅ ተባለ። እኛ ጠመንጃን እናጎርሳለን እንጂ አንጭንም፤ በዚህስ እኛ እንሻላለን። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጠርሙሶችን ደርድሮ ሲመራመር ቃላቱን የተበደረው ከጦር ሜዳ ነው። የመድፎች ድርድር ባተሪ ይባል ነበር፤ እሱም የጠርሙሶቹን ድርድር ባተሪ አለው። መድፍ ባተሪ የተባለው ደግሞ ግንብ ስለሚደበድብ ነው፤ ሥሩ በፈረንሳይኛ መምታት ነው። እንግዲህ የዚያ ልጅ ባተሪና የስልካችሁ ባትሪ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ልጁ ያን ያህል አልተሳሳተም ነበር።

የኛም "ጫነ" ቀላል ቃል እንዳይመስላችሁ። አህያ ላይ እህል እንጭናለን። "በቅሎዬን ጫንልኝ" ያሉት አባት ኮርቻ ማለታቸው ነው። ስልክ ላይ አፕ እንጭናለን። የስልኳ ሴትዮ ደግሞ "ለአማርኛ ሁለትን ይጫኑ" ትላለች። ይህን ሁሉ ሳንደናገር እንኖርበታለን። በሰው ቋንቋ ሲሆን ነው የሚከብደን።

አሁን ዋናው ላይ ልቁም። አማርኛ "ከሰሰ" ይልና ይጨርሳል። ጎረቤት ይከሳል፣ ባንክ ይከሳል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሥራ ለብዙ ቃል አከፋፍሎታል። "አክዩዝ" ማንም በማንም ላይ የሚያደርገው ነው፤ ሚስት ባሏን ድስት ከፍተህ ሥጋውን ለቀምክ ብላ አክዩዝ ታደርገዋለች። ወነጀለ በሉት። "ሱ" ካሳ ወይም መብት ፍለጋ ፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት መሄድ ነው። "ኢንዳይት" የሚባለው ግራንድ ጁሪ፣ ማለትም ለዚሁ የተጠሩ ዜጎች፣ ማስረጃ አይተው ይከሰስ ሲሉ ነው። "ቻርጅ" ግን በመንግሥት እጅ የሚመጣ ነው፤ የወንጀል ክስ ተመሠረተበት ማለት ነው። ጭነቱ ላዩ ላይ ወጣ፣ ገና ግን አልተፈረደበትም።

ይህ ልዩነት የሚያቃጥለው ኤን 400 ላይ ነው። የዜግነት ማመልከቻው። ቻርጅ ተደርገህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለው። እኛ "ተከሰው ያውቃሉ?" ብለን ስንጠይቅ ሰውየው ይቆጣል። "ኧረ በፍጹም! ነጻ ወጥቻለሁ እኮ!" ይላል። ነጻ መውጣቱ እሰየው ነው። ወረቀቱ ግን ተፈርዶብሃል ወይ አላለም። ክሱ ቢዘጋም፣ ውድቅ ቢሆንም፣ ተመሥርቶ ነበር፤ መልሱ "አዎ" ነው። በሐቀኛ ልብ "አይ" ብሎ የፈረመ ሰው ዋሽቷል ሊባል ይችላል። እኛ የሕግ ምክር አንሰጥም፤ ለዚያ ጠበቃ አለ። ጥያቄውን ግን ሳናጎድል ማድረስ አለብን። "የወንጀል ክስ ተመሥርቶብዎት ያውቃል? በኋላ የተዘጋም ቢሆን?" የምትለዋ ጭራ ትርፍ ከመሰለቻችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ አስገቧት። እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

"ፐብሊክ ቻርጅ" ደግሞ አለ። ዘመድ ለማስመጣት ስፖንሰር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1882 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱን ማስተዳደር የማይችልና ፐብሊክ ቻርጅ የሚሆን ሰው አሜሪካ እንዳይገባ ከለከለ። አንዱ ወዳጄ "የሕዝብ ክስ" ብሎ ሲተረጉመው ሰምቻለሁ። ሌላው "የመንግሥት ክፍያ" አለው። ሁለቱም ሰነፎች አይደሉም፤ የሚያውቁትን ቻርጅ ነው ያመጡት። ቃሉ ግን እዚህ ጋ ጥንታዊ ልብሱን እንደለበሰ ነው ያለው። የሕዝብ ሸክም ማለት ነው። ሸክም ስትሉት ሰውየው ይከፋዋል፣ አውቃለሁ። እንግሊዝኛውም ያስከፋል።

ገንዘቡን ቶሎ ልለፈው። ዕቃው የሚያወጣው "ኮስት" ነው። ለአገልግሎት የተቆረጠው "ፊ" ነው። የጥፋት መቀጮው "ፋይን" ነው፤ "አይ አም ፋይን" ከሚለው ጋር ያለውን ዝምድና ሌላ ቅዳሜ እናወራለን። ቻርጅ የአስከፋዩ ሥራ ነው፤ ሒሳቡን አንተ ላይ መጫን። "ሃምሳ ዶላር ቻርጅ አደረጉኝ" የምንለው ለዚህ ነው፤ ምሬቱም አብሮ ይሰማል።

የመጨረሻው ሆስፒታል ነው። ስም አልጠራም፤ ደንባችንም አይፈቅድም። አንዲት እናት ተኝተዋል፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማለች። "ቻርጅ ነርሷ አሁን ትመጣለች" ተባለ። እማማ ቻርጅን ከልጃቸው ሰምተው ያውቁታል። ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉና፣ "ደግሞ ነርሷም ልታስከፍለኝ ነው? ታች ያለችው ተቀብላን የለም እንዴ?" አሉኝ። የነርሶቹ ኃላፊ ናት አልኳቸው። ቦርሳው ግን አልተነቃነቀም።

ነርሷ መጣች። ትራሱን አስተካከለች፣ ልጅቷን "ሂጂ ተኚ" አለቻትና ጨመረች፦ "ሺ ኢዝ ኢን ማይ ቻርጅ ናው።" እንግሊዝኛ በጥበቃህ ሥር ያለውን ሰውም ቻርጅ ይለዋል። "በእኔ ኃላፊነት ሥር ናቸው" ማለት እችል ነበር፤ ስህተት የለውም። ግን የነርሷን ድምፅ ሰምቻለሁ። "አደራቸውን እኔ ወስጃለሁ" አልኩ።

እማማ ቦርሳውን ለልጃቸው ሰጡ። "በይ እንግዲህ ሂጂ" አሏት።

በሉ፣ ውጪ ሻይ አለ። ከሻይ በኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነን ኤን 400ን ጮክ ብለን እናነባለን። ቻርጀሬን የወሰድከው ወንድሜ ወይም እህቴ፣ አደራ፣ ከመውጣታችሁ በፊት።