የክትፎ እዳ፦ ጎንደር ላይ ለ1991 ባች ያነበብኩት ንግግር

እንደምን ዋላችሁ የጎንደር ህክምና ትምህርት ቤት የ1991 ባች! መምህሮቻችን፣ ባሎቻችን፣ ሚስቶቻችን፣ እንዲሁም ስልካቸውን እየነካኩ "መቼ ነው የሚያልቀው" የሚሉ ልጆቻችን፣ እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሳችሁ። በቴሌግራም ግሩፓችን "ንግግሩን አንቺ አድርጊ" ስባል አንደበቴ ተወዶ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለካ ቀድማ ጎንደር የገባችው እሷ ናት ተብሎ ነው። ወረቀት ይዣለሁ አትፍሩ፣ በቃሌ ከሆነማ እዚሁ ነው የምታድሩት።

መንገዱ አላመች ብሏቸው የቀሩ ብዙ ናቸው። ያኔ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ሁለት ቀን ነበር የሚፈጀው፣ አባይ በረሃን ወርደን ወጥተን፣ መንገድ ላይ አልጋ ይዘን አድረን፣ በማግስቱ አቧራ ለብሰን ፒያሳ እንራገፍ ነበር። ዛሬ በአንድ ሰአት በረራ አዘዞ አየር ማረፊያ ታርፋለህ ግን የምትፈልገው ሰው ሁሉ አይመጣም። የመጡትም ያልመጡትም ይቆጠሩልኝ። ያረፉትን ደግሞ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስማቸውን ጠርተናል፣ እዚህ ከደገምኩት ወረቀቱን አልጨርሰውም።

ለሁላችሁም የላኩት ጥያቄ አንድ ነበር፣ የት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ፣ ምን እየሰራህ ነው። (እሺ ሶስት ነው፣ ሂሳብ ድሮም አልችልም።) ግማሻችሁ ሲቪ ላካችሁ! ኧረ ጎበዝ እኔ ቀጣሪ ነኝ እንዴ? አንዱማ ያሳተመውን ጥናት ሁለት ገጽ ሙሉ ዘርዝሮ መጨረሻ ላይ "ሶስት ልጆች" ብሎ ዘጋው፣ ስማቸውን እንኳን አልጻፈውም። ሚስቱ እዚህ ስላለች ማታ ቤቱ ይጠየቃል።

ሌላው በአጭሩ ይሄው፣ ቦትስዋና ያሉት ሁለቱ አሁንም አንድ ሰፈር ናቸው፣ አሁንም በኳስ ይጣላሉ። ሚኒሶታ ያለችው አያት ሆናለች፣ አዎ አያት፣ አትጩሁ። ህክምናውን ትቶ ሰሊጥ ንግድ የገባው "ከሁላችሁም የተሻለ እንቅልፍ የምተኛው እኔ ነኝ" ይላል፣ አምነዋለሁ። አንዷ "ተፋትቻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ለምን እንዳትሉኝ" ብላለች፣ አንልም። ድሮ ቺካጎ ያሉት ኢትዮጵያዊ ሀኪሞች አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ ይባል ነበር፣ ማን እንደቆጠራቸው እንጃ፣ ከእኛ ባች ግን እዚህ አገር ውስጥ ያላችሁት ትበልጣላችሁ፣ እኔ ራሴ ከወጡት ስለሆንኩ ይሄን ስቆጥር ትንሽ አፍሬያለሁ።

አንዷ የላከችው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ነው፣ "እናቴን አስታምማለሁ"። ደወልኩላት። እናቷ መርሳት ጀምረዋል፣ ልጃቸውን አንዳንዴ "እትዬ" እያሉ ነው የሚጠሯት፣ ክሊኒኳን ዘግታ ቤት ገባች። ጠዋት ጠዋት ቡና ታፈላለች፣ እናትየው ስኒውን ይዘው "ማን ነው ያፈላው?" ይላሉ፣ "እኔ ነኝ"፣ "እጅሽ ይባረክ፣ የማን ልጅ ነሽ?"። በቀን አስር ጊዜ ትመረቃለች ማለት ነው። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወጥ አሳረርኩ።

ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ለፊልድ የወጣንበትን ጊዜ የማይረሳ የለም መቼም። እኛ ወባ ክኒን እየቆጠርን አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው "እናንተ እኮ የእኛ ሞት ነው የወለዳችሁ" አሉን። ቅር ብሎን ነበር፣ ኋላ ነው የገባን፣ ያ የደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ህዝቡን ሲፈጀው ነው በ1947 ይሄ ትምህርት ቤት የተከፈተው፣ ዶክተር ማስመረቁ ከላይፕዚግ ጀርመኖች ጋር በ1970ዎቹ የመጣ ነገር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ደግሞ በ1996፣ እኛ ከወጣን በኋላ። እኛ ግን እንደ ፍሬሽ ተማሪ ደንብ ዶርምና ሽሮ ብቻ ነበር የሚታየን።

አሁን ወደ እዳዬ ልምጣ። የስራ ምደባ እጣ ያወጣን ቀን ትዝ ይላችኋል? ቴምፖ (ጊዜያዊው ዲግሪ) በእጃችን፣ ዋናው ዲግሪ የአገልግሎት ግዴታችንን እስክንጨርስ ተቆልፎ (እሱን ለማውጣት የወጣሁትን ደረጃ ብቆጥረው ራስ ዳሸን ይደርሳል)፣ ተጣጥፋ የተጠቀለለች ወረቀት አንስተን። እኔ ስፈታት "አፋር" ትላለች። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አጠገቤ ያ ቁመቱ በር የሚነካው ልጅ ነበር፣ የሱ "አማራ" ይላል። ወረቀቴን ከእጄ ወስዶ የሱን አስጨበጠኝና "እኔ ሙቀት አልፈራም፣ ክትፎ ትጋብዥኛለሽ" አለ። በቃ፣ ይሄው ነው። አመልክተን ተቀየረልን።

እኔ ግዴታዬን ደጋ ላይ፣ ከእናቴ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ሰርቼ ወጣሁ። እሱ አፋር፣ ዱብቲ ገባ። ሰሞኑን ደውዬ ነው የመጀመሪያዋን ሌሊት የጠየቅኩት፣ ከ26 አመት በኋላ መሆኑ ነው። አልጋውን ወደ ግቢ ጎትቶ አውጥቶ፣ አንሶላውን ውሃ ነክሮ ለብሶ፣ ገና ሸለብ ሲያደርገው ምጥ የያዛት ሴት መጣች ብለው ቀሰቀሱት። መብራት የለም፣ ዘበኛው ባትሪ ይዞ፣ ቋንቋውን የምታውቅ አንዲት ነርስ እያስተረጎመች አዋለዳት። ሁለት አመት ተብሎ የሄደው አምስት ቆየ፣ አፋርኛ ተናገረ፣ ያቺን ነርስ አገባ። ለጥያቄዬ የላከው መልስ ግን "አለሁ" የምትል ብቻ ነበረች።

ባለቤቱን "ይቅርታ፣ በእኔ ፈንታ ነው የሄደው" ብላት "አውቃለሁ፣ ክትፎውንም አልበላም አሉ" አለችኝ።

እናንተ እዛ ኋላ ወንበር ላይ ያላችሁት ባልና ሚስት፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጾም የለም፣ ቦታ ይዣለሁ፣ ከዚህ ስንወጣ እንዳትጠፉብኝ። ሌሎቻችሁ ለምሳችሁ የየራሳችሁን ትከፍላላችሁ፣ አስር ሰአት ጃንተከል ዋርካ ስር ፎቶ አለ፣ በሀበሻ ሰአት አትምጡ!