18 ወይስ 21? መጠጥና ዕድሜ በጎንደር

ትዕግሥት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ከጎንደር ነን። ሞላ አብሮኝ አለ።

ሞላ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ጉዳያችን መጠጥ ነው። ማለቴ መጠጥና ዕድሜ። ማን መጠጣት ይችላል፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ፣ ማንስ ነው የሚጠይቀው።

ትዕግሥት፦ ከሕጉ እንነሳ። ብዙ ሰው አሁንም 18 ይመስለዋል። 18 ድሮ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ በኋላ 21 ሆኗል። 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው።

ሞላ፦ ሰው ያንን አዋጅ የሚያስታውሰው በቢራ ማስታወቂያው ነው እኮ። ከዚያ በፊት ኳስ ሲጀመር ቢራ፣ የበዓል ዝግጅት ሲመጣ ቢራ፣ ከዜና በፊት ቢራ። ትንንሽ ልጆች ዘፈኑን በቃላቸው ይዘውት ነበር። ከዚያ 2011 ግንቦት ላይ ከቴሌቪዥኑም ከሬዲዮውም ድንገት ጠፋ።

ትዕግሥት፦ ያኔ የተወራው ሁሉ ስለ ማስታወቂያው ነበር። ጣቢያዎቹ በምን ገቢ ይኖራሉ፣ ዝግጅቶችን ማን ስፖንሰር ያደርጋል። የዕድሜው አንቀጽ ግን ማንም ልብ ሳይለው አለፈ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማስታወቂያውን ማስቆም ቀላል ነው፣ ጣቢያዎቹ ይታወቃሉ። ልጅ ፊት ቆሞ "ዕድሜህ ስንት ነው?" ማለት ግን ከባድ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ፒያሳ ላይ ዕድሜህን ጠይቆህ የሚያውቅ ቤት አለ?

ሞላ፦ የለም። አሁን እኔን ማንም አይጠይቀኝም፣ ፂሜ ይናገራል። ግን ያኔም አልተጠየቅሁም።

ትዕግሥት፦ እሺ፣ ያኔ ወደምትለው እንመለሳለን። መጀመሪያ አንተ 21 አይጥመኝም ትላለህ። ለምን?

ሞላ፦ ስለማይገጥም ነው። የ18 ዓመት ሰው ይመርጣል። መንጃ ፈቃድ ያወጣል። የቤተሰብ ሕጉ በ18 ማግባት ይፈቅዳል። እና የ19 ዓመት ሙሽራ ለራሱ ሠርግ አንድ ሳጥን ቢራ መግዛት አይችልም ማለት ነው? አገሩን የሚመራውን እንዲመርጥ አምነነው፣ በብርጭቆ ካላመንነው የሆነ ነገር ተዛብቷል።

ትዕግሥት፦ እኔ አልስማማም። ሁሉም ነገር በአንድ ዕድሜ መጀመር የለበትም። አእምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተገነባ ነው፤ በተለይ ራስን የሚገታው ክፍል የሚበስለው መጨረሻ ላይ ነው። ድምፅ የምትሰጠው በአምስት ዓመት አንዴ ነው። መጠጥ ግን በየቅዳሜው አለ።

ሞላ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ግን የኛን አገር ነገር እይው። ልጅ መጠጥን የሚያውቀው ባር ሄዶ ነው? ቤቱ ነው። እኔ ያደግሁት አያቴ ጋ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ። የጽዋ ማኅበሯ ተራ ሲደርስ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ጌሾና ደረቆት ይሸታል። ዋናው ጠላ ለእንግዳ፣ ለካህናቱ ነው። ከዚያ ዝቃጩ ላይ ውኃ ይጨመርና ቅራሪ ይወጣል። ቅራሪው ለእኛ ለልጆች ነው። ማንም "ይሄ አልኮል ነው" አላለም። ውኃ ሲጠማን የምንጠጣው ነገር ነው።

ትዕግሥት፦ እኛም ቤት እንደዚያው ነው። አዘዞ ላይ ግን ሌላም ነገር ነበር። ልጅ ይላካል። አባት እንግዳ ሲመጣበት፣ "ሂጂ እትዬ ጋ፣ ይህን ጆግ ጠላ አስሞልተሽ ነይ"። በራፏ ላይ ጣሳ ተሰቅሏል፣ ቤቱ በዚያ ይታወቃል። ሄደሽ ትቀበያለሽ። ስትመለሺ መንገድ ላይ እንዳይደፋ ብለሽ ከአፉ ትጎነጫለሽ። ደሞ ይጥማል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ሞላ፦ በአዋጁ መሠረት እኮ ያቺ ሴትዮ ሕግ ጥሳለች።

ትዕግሥት፦ ጥሳለች! ያኔ አዋጁ አልነበረም፣ ግን ዛሬም ልጅ ይላካል። ዛሬ ማታ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጀሪካን ይዞ ጠላ ሊቀዳ ይሄዳል፣ የላከው አባቱ ነው፣ ሻጯ ደግሞ ጎረቤት ናት። ማን ማንን ይከሳል? ሕጉ የተጻፈው ቆርኪ ላለው ጠርሙስና ደረሰኝ ለሚቆርጥ ቤት ነው። ጎንደር ውስጥ ከሚጠጣው ስንቱ ነው ቆርኪ ያለው? ጠላው፣ ጠጁ፣ ኮረፌው፣ አረቄው ሁሉ ከጓሮ ነው የሚወጣው።

ሞላ፦ አረቄውን ግን ከጠላው ለይው። ጠላ ስንት ነው፣ ከቢራ ያነሰ ወይም እኩል ነው። ዳግም አረቄ ግን 40 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ቢራ የሚገዛበት ብር የለውም። አረቄ ግን በትንሽ ብር ያገኛል። ስለዚህ ልጆቹ የሚጀምሩት ከከባዱ ነው። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ትዕግሥት፦ የፈተናውን ቀን ንገራቸው።

ሞላ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የጨረስን ቀን ነው። ገንዘብ አዋጣን። ዩኒፎርማችንን እንኳን አላወለቅንም። አንድ ቤት ገባን፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ልብሳችንን አየ፣ ፊታችንን አየ፣ ከዚያ ቀዳልን። አረቄን እንደ ቢራ ነው የጠጣነው፣ በጉንጭ በጉንጭ እያደረግን። አንዱ ጓደኛችን መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። ስንቀሰቅሰው አይነቃም። ሰውነቱ ቀዝቅዟል። አፉ ላይ አስመልሶታል። ሰውየው ምን አለን መሰለሽ? "ከቤቴ አውጡልኝ።"

ትዕግሥት፦ ውይ!

ሞላ፦ ተሸክመን ወጣን። አንድ ባጃጅ ሹፌር ነው የረዳን፣ ጤና ጣቢያ አደረሰን። በጎኑ አስተኙት፣ ግሉኮስ ተተከለለት። ነርሷ "ትንሽ ብትዘገዩ በትውከቱ ይታፈን ነበር" አለችን። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፣ ልጆች ወልዷል። ግን ያ ሻጭ ከዓይኔ አይጠፋም። እኛ ልጆች ነን። እሱ ትልቅ ሰው ነው። ልብሳችን ላይ ተማሪ መሆናችን ተጽፏል።

ትዕግሥት፦ እና አንድም ሰው አልጠየቀውም።

ሞላ፦ ማንም። ስለዚህ 18 ሆነ 21 ሆነ፣ ሻጩ ካልተጠየቀ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው።

ትዕግሥት፦ በዚህስ እስማማለሁ። ግን ከሕጉ በፊት የነበረ አንድ ነገር አለ። የሰፈር ሰው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባልሆነ ቦታ ከታየህ፣ አንዷ እናት ትጠራህና "የማን ልጅ ነህ?" ትልሃለች። መታወቂያው ያ ነበር። ስምህን ከተናገርክ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ቤት ይገባል። አሁን ያ የለም። ሰው ተቀያይሯል፣ ሰፈሩ ሰፍቷል። ማራኪ አካባቢ ሂድ፣ የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ያለበት፣ ተማሪዎቹ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ናቸው። ማንም የማን ልጅ እንደሆኑ አያውቅም። ቤተሰብ ሩቅ ነው፣ ዶርም አለ፣ የጓደኛ ግፊት አለ። ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ደግሞ በ18፣ በ19 ዓመታቸው ነው። አዋጁ ያስቀመጠው 21 የሚያርፈው ልክ እነሱ ላይ ነው። ሊጠብቃቸው የሚችለውም እዚያው ነው። ግን ካምፓስ አጥር ሥር ያለውን መጠጥ ቤት ማን ያያል?

ሞላ፦ አሜሪካኖቹ ይሄን ነገር በደንብ አይተውታል። እነሱ ጋ 1971 ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የመምረጫ ዕድሜ ወደ 18 ሲወርድ ብዙ ግዛቶች የመጠጥ ዕድሜውንም አብረው አወረዱ። ከዚያ የመኪና አደጋው መጣ። አንዱ ግዛት 18፣ ጎረቤቱ 21 ሲሆን፣ ወጣቶቹ ድንበር ተሻግረው ጠጥተው እየነዱ ይመለሳሉ። ልጆቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ተነሡ። 1984 ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ አወጣ። "21 አድርጉ" ብሎ በቀጥታ አላዘዘም። "21 ካላደረጋችሁ ለመንገድ ከምሰጣችሁ ገንዘብ እቀንሳለሁ" ነው ያለው። 1988 ላይ ሁሉም ግዛት 21 ሆነ።

ትዕግሥት፦ አየህ? ቁጥሩን ብቻ አልጻፉም። ገንዘብ አሠሩበት።

ሞላ፦ ጀርመን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዳለች። ቢራና ወይን በ16፣ ጠንካራው በ18። ወላጅ አብሮ ካለ ደግሞ በ14 ቢራ ይፈቀዳል። የአያቴን ቅራሪ የሚመስለው ይሄኛው ነው። ትልቅ ሰው ባለበት፣ በልክ። ኖርዌይ ደግሞ ቢራውን በ18፣ ጠንካራውን በ20 አድርጋለች። እኔ የምፈልገው እንደዚህ ዓይነቱን ነው። ቢራ በ18፣ አረቄ በ21።

ትዕግሥት፦ ጀርመን ዕድሜ የሚጠየቅበት አገር ነው። ልጁ ኪሱ ውስጥ የተወለደበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት አለ። እኛ ጋ የቀበሌ መታወቂያ የሚወጣው በ18 ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ነው። አስበው፣ ዛሬ 20 የሆነው ልጅ ሲወለድ ምዝገባው አልነበረም። ከገጠር የመጣው ዕድሜውን በግምት ነው ያስመዘገበው። ሻጩ ቢጠይቅ እንኳን በምን ያረጋግጣል?

ሞላ፦ ፋይዳ አለ አሁን።

ትዕግሥት፦ አለ። የልደት ቀን አለበት። ፈቃድ ያለው ባርና ግሮሰሪ "ፋይዳህን አሳየኝ" ቢል ነገ መጀመር ይቻላል። ፈቃዱ ሲታደስ፣ "ስንት ጊዜ ለተማሪ ሸጠሃል?" ተብሎ ይጠየቅ። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ተቀምጦበት የተገኘ ቤት ለአንድ ወር ይዘጋ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይጠነቀቃል።

ሞላ፦ ያንን እደግፋለሁ። አረቄ ሻጯስ? ፈቃድ የላትም። ምኑን ትዘጊባታለሽ?

ትዕግሥት፦ እዚህ ላይ ልቤ ይከፈላል። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ባል የሞተባት፣ ቤት ኪራይ የምትከፍል፣ ልጆቿን በጠላና በአረቄ ያስተማረች። ጎንደር ውስጥ ስንት ሰው በጠላ ገንዘብ ዲግሪ ይዟል! ደንብ አስከባሪ ቢወጣ መጀመሪያ የሚገፋው እሷን ነው። ሲገፋት ደግሞ ማሰሮዋን ነው የሚሰብርባት። መብራት ያለው፣ ሙዚቃ የሚያጮኸው ትልቁ ቤት ግን ይቀመጣል። እንደዚያ ከሆነ ሕጉ ልጆቹን አልጠበቀም፣ ድሃዋን ነው የቀጣው።

ሞላ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ትዕግሥት፦ ከሷ ጋር መነጋገር። ቀበሌው፣ ዕድሩ፣ የንስሐ አባቷ ያናግሯት። "አረቄ ለልጅ አትቅጂ፣ ተልኬ ነው ቢልሽም መልሺው" ማለት ይቻላል። እሷ ልጅ አላት፣ ይገባታል። በወላጅ በኩል ደግሞ ልጅ መላኩ ይቅር። ትልቁ ሰው የሚጠጣውን ራሱ ሄዶ ይቅዳ። እኔ ቤት ይሄ ነገር ቆሟል። ወንድሜ የሰባት ዓመት ልጁን ሊልክ ሲል እኔና እናቴ ተቃወምን፣ ተኮራረፍን፣ ግን ቆመ። በዓል ሲሆን ለልጆቹ ብርዝ እንጠምቃለን። ጎረቤታችን ሙስሊም ናት፣ ቀሪቦ ትልክልናለች። ልጆቹ ከጠላ አብልጠው ይወዱታል።

ሞላ፦ ቅራሪውንም ከለከላችሁ?

ትዕግሥት፦ ከለከልን።

ሞላ፦ እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። አያቴ ቤት ቅራሪ የጠጣነው ልጆች የአረቄ ሰው ሆነን አላደግንም። ልክ ነበረው፣ ሰዓት ነበረው፣ ትልቅ ሰው ነበረበት። ልጅን ከሁሉም ነገር አርቀሽ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ማራኪ ላይ ብቻውን ብትለቂው፣ ምንም ሳያውቅ ነው የሚገባበት።

ትዕግሥት፦ ያልከው ልጅ ሁሉ እንደ አንተ አያት ያለ አያት የለውም። አንዳንዱ ቤት ልክ የሚባል ነገር የለም። አባት ሰክሮ የሚገባበት ቤት ውስጥ ላለ ልጅ ቅራሪው መጀመሪያው ነው። ሕግ ደግሞ ለዚያ ልጅ ነው የሚወጣው።

ሞላ፦ ይሄን አልመልስልሽም። ላስብበት።

ትዕግሥት፦ አስብበት። በሚቀጥለው ክፍል ጠላና አረቄ የሚሸጡ ሁለት እናቶችን እንጋብዛለን። ስማቸውን አንጠራም፣ እንደዚያ ብለውናል። ልጅ ጀሪካን ይዞ ሲመጣባቸው ምን እንደሚሉት እንጠይቃቸዋለን። እናንተም ጥያቄ ካላችሁ አድርሱን፣ እናቀርብላቸዋለን።

ሞላ፦ ደህና ሰንብቱ።

ትዕግሥት፦ ደህና ሰንብቱ።