ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

እንደምን አመሻችሁ ወላጆች! ከሥራ ደክማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ኮምፒውተር አመሉ ሲቀየር ሁላችንም የምንሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርገው!» ያለውን ሁሉ አጥፍተህ እንደ አዲስ ጀምር ማለት ነው። ጠጋኝ ነኝና እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ ምክሬን ላነሳ ነው የቆምኩት። ሌባ የገባበትን ቤት ማንም ሳያየው አጥቦ መወልወል ማለት ነውና።

ከአንድ ጎረቤቴ ኢሜይል እሱ የማያውቃቸው መልእክቶች በሌሊት ይላኩ ጀመር። «ልጄ ጌም ሲጭን ያመጣው ጣጣ ነው» ብሎ ልጁን ከኮምፒውተሩ አባረረው። ልጁ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት!

መጀመሪያ ዋይፋዩን አጠፋን። ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ኢቨንት ቪወር ከፈትን። የኮምፒውተሩ የውሎ መዝገብ፣ ሎግ የሚባለው፣ እዚያ ነው ያለው። ቦታው ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል፤ ስለዚህ ቶሎ ባዶ ፍላሽ ላይ ገለበጥነው። «ሲስተም» በሚለው ክፍል 7045 ቁጥርን ፈለግን። አዲስ ሰርቪስ፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ሲጫን የሚመዘገበው በዚህ ቁጥር ነው። አገኘን! ኮምፒውተርን ከርቀት ማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራም፣ 21:40 ላይ ተጭኗል። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3:40 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ይህቺ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ንጹሕ ሰው ታስወነጅላለች።

በዚያ ምሽት ልጁ አያቱ ጋ ነበር።

ጎረቤቴ ደግነቱ በየወሩ ፋይሎቹን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ዲስኩን የተጠረጠረው ኮምፒውተር ላይ አልሰካነውም፤ እናንተም እንዳትሰኩ፣ ባክአፑም አብሮ ሊበከል ይችላል። በኔ ላፕቶፕ የሁለት ወር ቅጂዎችን ጎን ለጎን አየን። በፊተኛው ወር ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ያልነበረ ፋይል በኋለኛው አለ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ነው። ፋይሉ የወረደበት ሰዓት ሎጉ ላይ ካየነው በጥቂት ደቂቃ ነው የሚቀድመው።

ጎረቤቴ ዝም አለ። ለካ የእህቱን ሰርግ ቪዲዮ ሊያቀናብር ራሱ ነው ያወረደው።

«ሰርጎ ገቡ ሎጉን ቢደመስሰውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሴኩሪቲ የሚለው መዝገብ ሲደመሰስ 1102 የሚል ቁጥር ይቀራል። መደምሰሱም ይመዘገባል ማለት ነው።

በ1986 አሜሪካ ውስጥ፣ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ፣ ኮምፒውተሮቹን ያስተዳድር የነበረው ክሊፎርድ ስቶል በኮምፒውተር አጠቃቀም ሂሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ልዩነት ለምን መጣ ብሎ መዝገብ ማገላበጥ ያዘ። ፍለጋው ጀርመን፣ ሃኖቨር ከተማ ያለ ሰርጎ ገብ ጋ አደረሰው። ለ75 ሳንቲም!

የጎረቤቴን ኮምፒውተር በመጨረሻ ፎርማት አደረግነው፤ አልዋሽም። ግን የትኛው ባክአፕ ንጹሕ እንደሆነ አውቀን ነው። የይለፍ ቃሎቹንም በሌላ ስልክ ቀየርን።

አሁን ፕሮጀክተሩን አብሩልኝ። የራሴን ላፕቶፕ ሎግ እከፍታለሁ፤ 7045ን አብረን እንፈልግ። የኔም ጉድ ይታይ።