ኤልም፦ ተራራዋን ሰሌዳ አድርጋ የሸጠች መንደር

እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለምጠራ አትደናገሩ።

ይህችን በስዊዘርላንድ የግላሩስ ክፍለ ግዛት (ካንቶን) ያለች መንደር፣ ኤልምን፣ ብዙ ሰው የሚያውቃት ማርቲንስሎህ በተባለው የተራራ ቀዳዳ ነው። በዓመት ሁለት ወቅት ፀሐይ በዚያ አጮልቃ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ታበራለች። ደስ ይላል፤ እኔ ግን ስለ ድንጋዩ ልናገር።

በ1868 በቺንግልበርግ ተራራ ላይ በስሱ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ማውጣት ተጀመረ። የዚያ ዘመን ተማሪ የሚጽፈው በድንጋይ ሰሌዳ ነበርና ትምህርት ግዴታ እየሆነ ሲመጣ ገበያው ደራ። ኋላም ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ካባውን፣ ድንጋይ የሚወጣበትን ቦታ፣ ያዘው፤ ከብት አርቢው ድንጋይ ፈላጭ ሆነ። የተራራውን እግር 180 ሜትር ያህል በወርድ፣ ከ60 ሜትር በላይ ደግሞ ወደ ውስጥ ቦረቦሩት። ደግፎ የሚይዘው ምሰሶ አልተዉለትም።

በ1881 ዝናቡ በረታ፤ ከካባው በላይ ያለው ስንጥቅ እየሰፋ ሄደ። ሴፕቴምበር 10 ቀን ባለሥልጣናት ወጥተው አዩትና ለጊዜው አያሰጋም አሉ። ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም። ነገር ግን ካባው ይዘጋ ማለት የመንደሩ ገቢ ይቅር ማለት ነው፤ ማን ደፍሮ ይናገረው?

በማግስቱ እሑድ ነበር። አመሻሽ ላይ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ናዳ ወረደ። ሰው ሊያይም ሊረዳም ሮጠ። ወዲያው ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያም ትልቁ፣ ሦስተኛው። 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል ዐለት ሸለቆውን ሞላው፤ 115 ሰው አለቀ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ ወገን ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ እንዴት እንደቀበራቸው ለምናስታውስ ለእኛ፣ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የዙሪኩ ጂኦሎጂስት አልበርት ሃይም ቦታውን አጥንቶ ዐለቱ እንደ ፈሳሽ መፍሰሱን ጻፈ። ያ ሁሉ ድንጋይ ለምን ያን ያህል ራቀ የሚለው እስከ ዛሬ ሳይንቲስቶችን ያከራክራል።

ሰሌዳው ግን አልቀረም፤ እዚሁ ኤልም እስከ 1983 ይመረት ነበር። ራሱን ችሎ መቆሙ የቀረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በ2006 የግላሩስ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ፣ እጅ አውጥቶ፣ 25ቱ ማዘጋጃ ቤቶች 3 ይሁኑ ብሎ ወሰነ። ከ2011 ጀምሮ ኤልም ከሦስቱ የአንዱ፣ የግላሩስ ዙድ፣ አካል ናት። ቅር የሚለው ይኖራል፤ እኔ በበኩሌ ካባውን የሚመረምረው ከካባው የማይበላ ቢሆን እመርጣለሁ።

የሰሌዳው ፋብሪካ አሁን ሙዚየም ነው። መጀመሪያ እዚያ እንገባለን፤ ምሳ ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹን ከፊት አስቀድሟቸው።