ርካሽ መብራት የምትሉት የቱን ነው?

በጎንደር የወፍጮ ቤት፣ የዳቦ ቤት፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ባለቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «የነፋስ ኃይል ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ዋጋውና አስተማማኝነቱ» የሚል ነው። ለምን እንደተሰጠኝ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ስብሰባ አንድ ነጋዴ መጥቶ ጣሪያ ላይ የምትተከል ትንሽ የነፋስ ተርባይን በስልኩ አሳይቶን ሄዷል። ግማሻችን «በቃ፣ ተገላገልን!» አለ። ግማሻችን «ነፋስ ታምኖ?» ብሎ ሳቀ። በመጨረሻ ወደኔ ዞራችሁ «ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ ኖረዋል፣ እርስዎ ይዳኙን» አላችሁኝ። እሺ፣ እዳኛለሁ። እኔ የመጣሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሱንም ሳልናገር አልወርድም።

መጀመሪያ ተርባይኗን እንጨርስ። አትግዟት።

ነፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይሄ ደስ ይላል። የተገላቢጦሹ ግን አያስደስትም፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ከጉልበቱ የሚተርፈው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ፣ ፎቅና ዛፍ መሀል፣ ጣሪያ ላይ ያለ ነፋስ የተሰባበረ ነው። ከዚህም ከዚያም ይመጣል፣ ይሽከረከራል፣ ይሞታል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ በዚያው ፍጥነት ቢነፍስ እንኳ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው አንድ አምስተኛ ገደማ ይጎድላል። ነጋዴው የነገረን «አንድ ኪሎዋት» ተርባይኗ በኃይለኛ ነፋስ የምትሰጠውን ነው። የኛ የወፍጮ ሞተር ከ10 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ከወር እስከ ወር ብትጠብቁ አምፖል ታበራላችሁ፣ ስልክ ትሞላላችሁ። ለዚያ ለዚያ የፀሐይ ፓኔል ይሻላል፤ ቢያንስ የሚሽከረከርና የሚሰበር ነገር የለውም።

ትልቁ ነፋስ ሌላ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የወረዳችሁ አይታችኋቸዋል። አዳማ አንድ 34 ተርባይን፣ 51 ሜጋዋት ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋዋት። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120 ሜጋዋት ነው፤ እሱ በ2006 ተመርቋል። እነዚህ ጣሪያ ላይ አይወጡም። ረጅም ግንድ ላይ ቆመው ያልተሰባበረውን ነፋስ ነው የሚይዙት።

ዋጋቸውስ? ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ፣ አይሬና የሚሉት፣ በየዓመቱ ሒሳብ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በየብስ ላይ ከተተከለ አዲስ የነፋስ ጣቢያ የሚገኝ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በአማካይ 11 የአሜሪካ ሳንቲም ይፈጅ ነበር። በ2023 ወደ 3.3 ወርዷል። በዚያው ዓመት አዲስ የፀሐይ ጣቢያ 4.4፣ አዲስ የውሃ ግድብ 5.7 ነው። ነዳጅና ከሰል ወደ 10 ይጠጋል። እንግዲህ በዓለም አማካይ ነፋስ ከሁሉ ረከሰ ማለት ነው።

እኛ አገር ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። አዳማ ሁለት 345 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፣ አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። ለአንድ ሜጋዋት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። ሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋዋት ሆኖ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው የፈጀው፤ ለአንድ ሜጋዋት ወደ 1 ሚሊዮን። እዚህ ላይ ውሃ ነፋስን ረታው። ነፋሱ የራሳችን ነው፤ ተርባይኑ፣ መለዋወጫውና ብድሩ ግን የዶላር ናቸው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ደግሞ ጎማና ሞተር የምትገዙት እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይሄ ሁሉ ሒሳብ ጥሩ ነው። ግን ሁሉም የማመንጫው በር ላይ ያለ ዋጋ ነው። እናንተ ማመንጫው በር ላይ አትፈጩም! አዘዞ ነው የምትፈጩት፣ ማራኪ ነው የምትጋግሩት፣ አራዳ ነው የምትበይዱት!

አሁን አንድ ነገር ላውራችሁ። ሰውዬዋን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፣ ስሟን አልጠራም። ከመካከላችን ያለች ባለ ወፍጮ እህታችን ናት። ለጥምቀት ሳምንት ቀርቷል። የጎንደር ጥምቀት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። በየቤቱ እንግዳ፣ በየቤቱ ጠላ፣ ድፎና እንጀራ። የወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ማዳበሪያ ተደርድሯል፣ ወረፋው አስፋልት ደርሷል። ሞተሩ እየፈጨ ሳለ ድምፁ ተለወጠ። ማጓራት ጀመረ። መብራቱ ጭራሽ ጠፍቶ ቢሆን በተሻለ ነበር። አልጠፋም፤ ከሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ መብራት ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች፣ አንዱ ብቻ ተቋረጠ።

ባለሙያዎቹ ይኸው አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ ነው። ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ፤ ሦስት ፌዝ የሚፈልግ ሞተር በሁለት ሲቀር ሸክሙን አልጥልም ብሎ ይታገላል። በቀሩት ሁለቱ የሚሄደው ከረንት ይጨምራል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ይቃጠላል። መከላከያ ሪሌ፣ ይህ ሲሆን ሞተሩን ከመብራት የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ያለው ቀድሞ ይቆማል። እሷም ነበራት። ግን ሪሌው ራሱ በዚሁ የመብራት መሄድ መምጣት ቀድሞ ተበላሽቶ፣ ልጁ በሽቦ አልፎት ቀጥታ አገናኝቶት ነበር። እንደምታደርጉት! አትሳቁ፣ ስንቶቻችሁ ቤት እንደዚያው እንዳለ አውቃለሁ።

ልጁ ማብሪያው ጋ እስኪደርስ ቤቱን የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ሞላው። ማታ ሄጄ ሽፋኑን ፈታሁት። መዳቡ በአንድ ወገን ከሰል መስሏል፣ ላዩ ላይ የጤፍ ዱቄት ተጋግሮ ቂጣ ሆኗል። ሴትዮዋ ዝም ብላ ታየኛለች። ደጃፍ ላይ ያሉት እናቶች አንድ በአንድ ማዳበሪያቸውን እያሸከሙ ወደ ናፍጣ ወፍጮው ሄዱ።

ስልክ ተደወለ። «ቡድኑ ወጥቷል» ተባለ። በማግስቱ «መኪና የለም»። ከዚያ «ዕቃ የለም»። ከዚያ ስልኩን የሚያነሳው ጠፋ። ጥምቀት አለፈ። ታቦቱ ገብቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት መሰላል ይዞ መጣ። ቡና ቀርቦለት ነበር። ምሰሶው ላይ ወጣ፣ አንድ ፊውዝ ቀየረ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ወረደ። አንድ ፊውዝ! ወጣቱን አልወቅሰውም። አንድ መሰላል ለስንት ሰፈር እንደሰጡት ጠይቄዋለሁ።

ከዚያ ሴትዮዋ ምን አለችኝ? «ጋሼ፣ በቴሌቪዥን የኛ አገር መብራት ርካሽ ነው ይላሉ። እኔ ላይ ስንት መጣ?» ቁጭ ብለን ደመርነው። የሞተር ጠምጣሚው፣ ያመለጠው የጥምቀት ገበያ፣ ቁጭ ብሎ ደመወዝ የበላው ሠራተኛ፣ አዲሱ ሪሌ። የወሩ የቆጣሪ ክፍያ ከሁሉ ትንሹ ሆኖ ተገኘ። የዋጋ ሠንጠረዥ አሠርቶ የሚያሳየን ሰው ካለ፣ ይህችን ሴት የትኛው ረድፍ ላይ እንዳስገባት ይንገረን!

ወደ ነፋሱ ልመለስ። «ነፋስ አይታመንም» ላላችሁት። እውነት አላችሁ፣ ተርባይን ዓመቱን ሙሉ ባለው አቅም አይሠራም። ጥሩ ቦታ ላይ የተተከለ በአማካይ የአቅሙን ሲሶ ያህል ያመጣል። ግን ሕዳሴንም አስሉት። 5,150 ሜጋዋት ዓመቱን ሙሉ ያለ እረፍት ቢሠራ 45,000 ጊጋዋት ሰዓት ይሰጥ ነበር። የታቀደለት 15,700 ገደማ ነው። ያው ሲሶ! ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ውሃ በሩን ዘግታችሁ ታቆዩታላችሁ፣ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ትለቁታላችሁ። ነፋስን አቁም ብትሉት አይሰማም።

ውሃም ግን ሰማይ ካልሰጠው የለም። ግንቦት 2011ን ታስታውሳላችሁ? የጊቤ ሦስት ውሃ ወርዶ በፈረቃ ነበርን። እ.ኤ.አ. በ2024 ድርቅ የካሪባን ሐይቅ ሲያወርደው ዛምቢያ ውስጥ ሰው ቀኑን ሌሊቱን በጨለማ ዋለ አደረ። እኛ ከመብራታችን አብዛኛውን ከውሃ የምናገኝ ሰዎች ነን። ይሄን ማሰብ አለብን።

ነፋስ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። አውድማ ላይ መንሽ ይዞ እህልና ገለባ የለየ ሰው ነፋስ መቼ እንደሚነሳ አይጠፋውም። በጋ ነው። ግድቡ የሚጎድለውም በበጋ ነው። በደጋው አገራችን ነፋሱ የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ስለዚህ በበጋ ነፋሱ ሲሠራ ውሃው ይቆጠባል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው ይረከባል። ዴንማርኮች ከመብራታቸው ከግማሽ በላይ ከነፋስ ያገኛሉ። ነፋሱ ሲተኛባቸው ከጎረቤታቸው ከኖርዌይ ግድብ ይገዛሉ። እኛ ግድቡም ነፋሱም በአንድ አገር ውስጥ አለን። ስለዚህ ዳኝነቴ ይኸው፤ ነፋስ ብቻውን አይበቃንም፣ ከውሃ ጋር ሲጣመር ግን ከብዙው ይሻላል። በእኔ እምነት ከሚያመነጨው ባልተናነሰ፣ በግድቡ ውስጥ የሚያስቀርልን ውሃ ነው ጥቅሙ።

ግን ጣቢያው ቢተከልስ? ኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይን ተከለች። 310 ሜጋዋት። ቦታው ነፋሱ የማያርፍበት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ተርባይኖቹ ተተክለው አለቁ። መብራት ግን አልመጣም። ለምን? ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ሽቦ አልተዘረጋም ነበር። ነፋሱ እየነፈሰ፣ ተርባይኑ ቆሞ፣ መንግሥት ላላገኘው መብራት ካሳ ከፈለ። ሽቦው የደረሰው በ2018 ነው። ከዚያ በኋላ ጣቢያው በደንብ ሠርቷል። ጥፋቱ የነፋሱ አልነበረም፤ የሽቦው ነበር።

እኛስ? ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ነው፣ ውሃው ከጣና ነው። ከጎንደር ተነስቶ በመተማ በኩል ሱዳን ውስጥ እስከ ገዳሪፍ የሚሄድ 230 ኪሎቮልት መስመር በሰማያችን ያልፋል። መሸጡን አልቃወምም፣ ዶላር ያስፈልገናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ሲመረቅ እኔም አልቅሻለሁ፣ ቦንድ ገዝቻለሁና። ግን የ5,150 ሜጋዋት ግድብ የገነባች አገር ለአንድ ምሰሶ አንድ ፊውዝ በጊዜው ማድረስ ያቅታት? አያቅታትም! የሚጠይቅ የለም እንጂ! እኛ መብራት ሲሄድ «ሄደ»፣ ሲመጣ «መጣ» ብለን እልልታ እናሰማለን። ለመብታችን እልልታ!

ስለ ኒውክሌር ጠይቃችሁኛል። አስተማማኝ ነው፣ ቀን ከሌት ይሠራል፤ ለመገንባት ብዙ ዓመት፣ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። የኛን የዘንድሮ ችግር አይነካም። ስለ ናፍጣ ምን እላለሁ፣ የምትገዙት እናንተ ናችሁ። የከርሰ ምድር እንፋሎት ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ለኛ ሩቅ ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በየወፍጮ ቤቱና በየዳቦ ቤቱ አንድ ደብተር ይኑር። መብራት የሄደበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ ነው የሄደው ወይስ አንድ ፌዝ፣ ምን ተበላሸ፣ ስልክ ተደውሎ ምን መልስ ተሰጠ። ይሄን ብቻ ጻፉ። «ሁልጊዜ ይጠፋል» የሚል አቤቱታ ማንም አይሰማም፤ ቀንና ሰዓት ያለው ወረቀት ግን ፊርማ ይጠይቃል። ከፋሲካ በኋላ ደብተሮቹን ሰብስበን፣ አንድ ላይ አድርገን፣ ሽማግሌ መርጠን ለሚመለከተው ቢሮ እንወስዳለን። ግልባጩን ለከተማው አስተዳደር። ለተርባይኗ ልናዋጣ ያሰብነውን ገንዘብ ደግሞ ሪሌ የሌላችሁ ሪሌ ግዙበት።

ደብተሮቹ በር ላይ ከጸሐፊዋ ጋር አሉ። ሳትፈርሙ እንዳትወስዱ፤ ማን እንደጻፈ ማን እንዳልጻፈ አጣራለሁ።